ከሄግ እስከ ቱርሚ፤ የዓለም አቀፍ ሕግ ተማሪዎች ማኅበራት ምንነትና ፋይዳ

የዓለም አቀፍ ሕግን የሚያጠኑ የተማሪ ማኅበራት ሥራ በዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ውስጥ የሚካሄድ የክርክር ልምምድ ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል። ይሁን እንጂ አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች በወረዳና በቀበሌ ደረጃ ለሚሰጡ ውሳኔዎች መነሻ በመሆናቸው፣ እነዚህ ማኅበራት የሚያነሷቸው ጥያቄዎች የመንግሥት ሠራተኛውን የዕለት ተዕለት ሥራ በቀጥታ ይነካሉ። በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ደቡብ ኦሞ ዞን፣ ሐመር ወረዳ የምትገኘው የቱርሚ ከተማና አካባቢዋ ለዚህ ጉዳይ ግልጽ ማሳያ ሊሆኑ ይችላሉ።

ቱርሚ ከጂንካ ከተማ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኦሞራቴ በሚያመራው መንገድ ላይ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ስትሆን፣ በሰኞ ገበያዋና በሐመር ብሔረሰብ ባህላዊ ሥነ ሥርዓቶች በአገር ጎብኚዎች ዘንድ ትታወቃለች። ወረዳው በደቡብ በኩል ከኬንያ ጋር ይዋሰናል። ነዋሪው በአብዛኛው አርብቶ አደርና ከፊል አርብቶ አደር ነው። የልጆች መብት፣ የሴቶች መብት፣ የባህል መብት፣ ድንበር ዘለል የግጦሽና የውኃ አጠቃቀም እንዲሁም የቅርስ ጥበቃ በአንድ ሥፍራ የሚገናኙበት አካባቢ በመሆኑ፣ የዓለም አቀፍ ሕግ ተማሪ በመጽሐፍ የሚያገኛቸው ርዕሶች በአብዛኛው በዚህ አካባቢ በተግባር ይታያሉ።

የማኅበራቱ አመሠራረትና አሠራር

የዓለም አቀፍ ሕግ ተማሪዎች ማኅበራት በስፋት መደራጀት የጀመሩት እ.አ.አ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። እ.አ.አ በ1960 በአሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የምስለ ፍርድ ቤት ውድድር በኋላ በፊሊፕ ጄሰፕ ስም የተሰየመ ሲሆን፣ ማኅበራቱን በአንድ ጥላ ሥር ያሰባሰበው ድርጅት ደግሞ እ.አ.አ በ1962 ተመሥርቷል። በአፍሪካም በደቡብ አፍሪካ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል የሚያስተባብረው የመላ አፍሪካ የሰብዓዊ መብቶች ምስለ ፍርድ ቤት ውድድር እ.አ.አ ከ1992 ጀምሮ የአህጉሩን የሕግ ተማሪዎች ሲያገናኝ ቆይቷል።

የውድድሩ አካሄድ በሁሉም ሥፍራ ተመሳሳይ ነው። ተማሪዎች በአንድ የፈጠራ ጉዳይ ላይ የተመሠረተ የክርክር ጭብጥ ይሰጣቸዋል። ስምምነቶችን፣ የዓለም አቀፍ ልማዳዊ ሕግን፣ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችንና የሊቃውንት ጽሑፎችን መርምረው የጽሑፍ ክርክር ያዘጋጃሉ። ከዚያም በዳኞች ፊት ቀርበው በቃል ይከራከራሉ። የዚህ ሥልት ዋነኛ ቁም ነገር ተማሪው አንድ ጊዜ ለከሳሹ፣ ሌላ ጊዜ ለተከሳሹ መንግሥት እንዲቆም መገደዱ ነው። በዚህም የራሱን አቋም ብቻ ሳይሆን የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ መከራከሪያ ለይቶ ማወቅን ይማራል። ይህ ችሎታ ለጠበቃ ብቻ ሳይሆን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊም አስፈላጊ መሆኑ አያጠያይቅም።

ውድድሩ በስማቸው የተሰየመው ፊሊፕ ጄሰፕ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የሚያገናኛቸው ጉዳይ አለ። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ እ.አ.አ በ1960 ደቡብ አፍሪካ በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ናሚቢያ፣ ታካሂድ በነበረው የዘር መድልዎ አገዛዝ ምክንያት ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ክስ መሥርተው ነበር። ፍርድ ቤቱ ሐምሌ 18 ቀን 1966 እ.አ.አ በሰጠው ውሳኔ የዳኞቹ ድምፅ ሰባት ለሰባት ተከፈለ። በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅም ሁለቱ አገሮች በጉዳዩ ላይ ሕጋዊ ጥቅም እንዳላቸው አላረጋገጡም በሚል ክሱ ውድቅ ሆነ። በወቅቱ የፍርድ ቤቱ ዳኛ የነበሩት ጄሰፕ ውሳኔውን በመቃወም ሰፊ የልዩነት ሐሳብ አሰፈሩ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባዔ የደቡብ አፍሪካን የሞግዚትነት ሥልጣን አቋረጠ። ናሚቢያም እ.አ.አ በ1990 ነፃነቷን አገኘች። በፍርድ ቤት የተሸነፈ ክርክር በሌላ መድረክ ፍሬ ሊያፈራ እንደሚችል የሚያስተምረው ይህ ጉዳይ፣ ለኢትዮጵያውያን የሕግ ተማሪዎች የራሳቸው አገር የዓለም አቀፍ ሕግ ታሪክ አካል ነው።

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የሕግ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ በተደራጀ መልክ የተጀመረው እ.አ.አ በ1963 በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲቋቋም ነው። ከጊዜ በኋላ የሕግ ትምህርት ቤቶች በክልሎች በመከፈታቸው፣ የደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ተማሪዎችም እንደ ሐዋሳና አርባ ምንጭ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሕግ የመማር ዕድል አግኝተዋል። ምስለ ፍርድ ቤት ከዩኒቨርሲቲ ውጭም እየተስፋፋ ነው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ከ2013 ዓ.ም ወዲህ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች መካከል ብሔራዊ የሰብዓዊ መብቶች የምስለ ፍርድ ቤት ውድድር ማካሄዱ ይታወቃል። ይህም የዓለም አቀፍ ሕግ ጥናት የግድ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍን መጠበቅ እንደሌለበት ያመለክታል።

ስምምነት የአገር ሕግ የሚሆነው እንዴት ነው?

ማኅበራቱ በተደጋጋሚ ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች ቀዳሚው፣ አንድ ዓለም አቀፍ ስምምነት በኢትዮጵያ ፍርድ ቤትና መሥሪያ ቤት ተፈጻሚ የሚሆነው መቼ ነው የሚለው ነው። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን ይደነግጋል። አንቀጽ 13 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ በሕገ መንግሥቱ የተዘረዘሩት መሠረታዊ መብቶችና ነፃነቶች ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች ሰነዶች ጋር በተጣጣመ መንገድ እንዲተረጎሙ ያዛል። ስምምነቶችን የማጽደቅ ሥልጣን በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተሰጥቷል።

በዚህ ረገድ በሕግ ባለሙያዎች መካከል ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር የቆየ ጉዳይ አለ። የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 10/1984 መጽደቁ በነጋሪት ጋዜጣ ሲታወጅ የስምምነቱ ሙሉ ቃል አብሮ አልወጣም። አንዳንድ ባለሙያዎች ሙሉ ቃሉ ያልታተመ ስምምነት ዳኛውን እንዴት ሊያስገድድ ይችላል የሚል ጥያቄ አንስተዋል። ሌሎች ደግሞ ሕገ መንግሥቱ የሚጠይቀው መጽደቁን ብቻ ነው ሲሉ ተከራክረዋል።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 በጥቅምት 2000 ዓ.ም የሰጠው ውሳኔ ለዚህ ክርክር ተግባራዊ ምላሽ የሰጠ ነው። ጉዳዩ ከቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል የመጣ ነበር። እናቷ የሞተችባትን ልጅ አባቷ ለረጅም ዓመታት ርቆ ሳለ አክስቷ አሳደገቻት። በኋላ አባትየው የአሳዳሪነትና የሞግዚትነት ጥያቄ አቀረበ። የክልሉ ፍርድ ቤቶች አባት በሕይወት እስካለ ድረስ አሳዳሪነቱ የእርሱ ነው በማለት ወሰኑ። ሰበር ሰሚ ችሎቱ ግን ሕፃናትን የሚመለከት ማናቸውም ውሳኔ የሕፃኑን ጥቅም በቀዳሚነት ማየት እንዳለበት የሚደነግገውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 2 እና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን አንቀጽ 3 በመጥቀስ ውሳኔዎቹን ሻረ። በወቅቱ በሥራ ላይ በነበረው አዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት ሰበር ሰሚ ችሎቱ ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድድ ስለነበር፣ ውሳኔው ከአንዲት ልጅ ጉዳይ አልፎ የመላ አገሪቱ ሆኗል። በጄኔቫና በኒው ዮርክ የተመከረበት አንድ አንቀጽ የአንዲት የገጠር ልጅን መኖሪያ ወስኗል ማለት ነው።

ቱርሚ እንደ ጥናት ጭብጥ

አንድ የተማሪዎች ማኅበር ቱርሚንና አካባቢዋን የጥናት ጭብጥ ቢያደርግ በቅድሚያ የሚያገኘው የሕፃናት ጉዳይ ነው። በሐመር፣ በበናና በካራ ማኅበረሰቦች ዘንድ ሚንጊ በሚል የሚታወቀው ልማዳዊ እምነት፣ የላይ ጥርሳቸው ቀድሞ የበቀለ፣ መንታ ሆነው የተወለዱ ወይም ተገቢው ሥርዓት ሳይፈጸም የተጸነሱ ሕፃናት በማኅበረሰቡ ላይ ድርቅና በሽታ ያመጣሉ የሚል ነው። በዚህም ምክንያት ሕፃናት ለሞት ተዳርገዋል። የካራ ማኅበረሰብ ሽማግሌዎች በ2004 ዓ.ም ድርጊቱን ማቆማቸውን በይፋ ማስታወቃቸው፣ ልማዱ በራሱ በማኅበረሰቡ ውሳኔ ሊለወጥ እንደሚችል ያረጋገጠ እርምጃ ነበር።

ሕጉ በዚህ ጉዳይ ላይ የማያሻማ ነው። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደህንነት ቻርተር እ.አ.አ በ1990 የወጣ ሲሆን ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 283/1994 አጽድቃዋለች። የቻርተሩ አንቀጽ 21 መንግሥታት የሕፃኑን ደህንነት፣ ክብርና ዕድገት የሚጎዱ ማኅበራዊና ባህላዊ ልማዶችን ለማስወገድ ተገቢውን እርምጃ ሁሉ እንዲወስዱ ያስገድዳል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች የነፍሰ ጡር ሴቶችንና የሕፃናትን ሕይወት አደጋ ላይ መጣልን በአንቀጽ 561 እና 562 በወንጀልነት ደንግጓል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 39 የብሔረሰቦችን ባህላቸውን የመግለጽና የማሳደግ መብት ቢያረጋግጥም፣ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ልማዳዊ አሠራር ተፈጻሚነት እንደማይኖረው በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 1 ተመልክቷል። ስለዚህ የባህል መብት በሕይወት የመኖር መብትን ለመግፈፍ መከላከያ ሊሆን አይችልም።

ይሁንና የተማሪዎች ክርክር ጠቃሚ የሚሆነው ከዚህ ቀጥሎ ባሉት ጥያቄዎች ላይ ነው። የመጀመሪያው የመንግሥት ግዴታ እስከ ምን ድረስ ነው የሚለው ነው። መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች ድርጊት ብቻ ሳይሆን በግለሰቦች የሚፈጸም ጥቃትን ለመከላከል፣ ለመመርመርና አጥፊውን ለፍርድ ለማቅረብ ተገቢውን ትጋት ካላሳየም በዓለም አቀፍ ሕግ ተጠያቂ ይሆናል። ይህ መርህ በኢትዮጵያ ላይም ተፈጻሚ ሆኗል። በጠለፋና በአስገድዶ መድፈር የተጎዳች አንዲት ታዳጊን አስመልክቶ እ.አ.አ በ2007 ለአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን በቀረበ አቤቱታ፣ ኮሚሽኑ ከዓመታት ምርመራ በኋላ መንግሥት በቂ ጥበቃና ፍትሕ አልሰጠም በማለት ለተጎጂዋ 150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ካሳ እንዲከፈል ወስኗል። በቀድሞው የ1949 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ነፃ የሚሆንበት ድንጋጌ በአዲሱ የወንጀል ሕግ መሰረዙ የሚታወስ ነው። የኮሚሽኑ ውሳኔ የሚያስገነዝበው ግን ሕጉን ማሻሻል ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። በወረዳ ደረጃ ያለ አንድ መርማሪ ወይም ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን የያዘበት መንገድ የአገሪቱን ተጠያቂነት ሊያስከትል ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከሞት የተረፉትን ሕፃናት ይመለከታል። ሕፃኑን ከአደጋው ማውጣት የመንግሥትን ግዴታ አያጠናቅቅም። የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 7 እና 8 ሕፃኑ ስምና ማንነት እንዲኖረው፣ በተቻለ መጠንም ወላጆቹን እንዲያውቅ መብት ይሰጡታል። አንቀጽ 20 ከቤተሰቡ የተለየ ሕፃን አማራጭ እንክብካቤ ሲመረጥለት አስተዳደጉ እንዳይቋረጥና የባህልና የቋንቋ መሠረቱ ከግምት እንዲገባ ይጠይቃል። አንቀጽ 30 ደግሞ የራሱን ቋንቋ እንዳይነፈግ ይከላከላል። ስለዚህ በሕፃናት ማሳደጊያ የሚያድግ የሐመር ልጅ የልደት ምዝገባ፣ የእናቱ ማንነት መረጃና የአፍ መፍቻ ቋንቋው ጉዳይ የሴቶችና ሕፃናት፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የጋራ ኃላፊነት ይሆናል። ዛሬ ሳይመዘገብ የቀረ መረጃ ከዓመታት በኋላ ልጁ ወላጆቹን ሲጠይቅ በምንም መንገድ ሊተካ አይችልም።

ሦስተኛው ጥያቄ የሴቶችን መብት የሚመለከት ነው። ኢትዮጵያ በሴቶች ላይ የሚደረግ ማናቸውንም ዓይነት አድልዎ ለማስወገድ የወጣውን ስምምነት እ.አ.አ በ1981 ያጸደቀች ሲሆን፣ የማፑቶ ፕሮቶኮል በመባል የሚታወቀውን የአፍሪካ ሰነድ ደግሞ እ.አ.አ በ2018 በተወሰኑ ድንጋጌዎች ላይ ተዓቅቦ በማድረግ አጽድቃለች። ተዓቅቦ ማለት አንድ መንግሥት ስምምነቱን ሲቀበል በተወሰነ ድንጋጌ አልገደድም ብሎ የሚያደርገው መግለጫ ነው። ተማሪዎች ለሐመር ሴቶች ጉዳይ ፕሮቶኮሉን ከመጥቀሳቸው በፊት ድንጋጌው በተዓቅቦ ያልተገደበ መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 4 ግን ሴቶችን የሚጨቁኑ ወይም በአካላቸውና በአእምሯቸው ላይ ጉዳት የሚያስከትሉ ሕጎች፣ ወጎችና ልማዶች የተከለከሉ መሆናቸውን በግልጽ ደንግጓል።

ድንበር፣ ግጦሽና ውኃ

የአካባቢው ሌላው የጥናት መስክ የድንበር ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያና ኬንያ የጋራ ወሰናቸውን እ.አ.አ ሰኔ 9 ቀን 1970 በተፈረመ ስምምነት አጽንተዋል። ይሁን እንጂ የአርብቶ አደሩ እንቅስቃሴ የሚመራው በዝናብና በሣር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 ለአርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት ሰጥቷል። የምሥራቅ አፍሪካ የልማት በይነ መንግሥታት፣ ኢጋድ፣ እ.አ.አ በ2002 በተፈረመ ፕሮቶኮል የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያና ምላሽ ሥርዓት አቋቁሟል። እ.አ.አ በ2020 ደግሞ የድንበር ዘለል የከብት እንቅስቃሴን የሚመለከት ፕሮቶኮል አዘጋጅቷል። አንድ የከብት ዘረፋ በወረዳ ፖሊስ መዝገብ የወንጀል ጉዳይ ሲሆን፣ ዘራፊው ወሰን ከተሻገረ ግን የመንግሥታት ትብብር ጉዳይ ይሆናል።

የኦሞ ወንዝም ወደ ቱርካና ሐይቅ የሚፈስ በመሆኑ የድንበር ተሻጋሪ ውኃ ሕግ መማሪያ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.አ.አ በ1997 ያወጣው የዓለም አቀፍ የውኃ መስመሮች ስምምነት ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀምን እንዲሁም ጉልህ ጉዳት ያለማድረስን መርሆዎች ይዟል። ድምፅ በተሰጠበት ጊዜ ኬንያ ስትደግፍ ኢትዮጵያ ድምፀ ተዓቅቦ አድርጋለች። ከሁለቱ መርሆዎች የትኛው ይቀድማል የሚለው ክርክር ለተማሪዎች ብቻ ሳይሆን ለአገሪቱ የውኃ ዲፕሎማሲም መሠረታዊ ነው። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ እ.አ.አ በ1980 በዓለም ቅርስነት መመዝገቡም ሌላ ዓለም አቀፍ ግዴታ ያስከትላል።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚኖረው ጥቅም

የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 42 መንግሥታት የስምምነቱን መርሆዎችና ድንጋጌዎች ለአዋቂዎችም ለሕፃናትም በስፋት እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ይህ ግዴታ በአማርኛ በታተመ በራሪ ጽሑፍ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። በቱርሚ ገበያ ለምትገኝ እናት መብቱ የሚደርሳት በሐመር ቋንቋ በቃል ሲነገራት፣ ሽማግሌዎችም በጉዳዩ ላይ ሲመክሩበት ነው። ከአካባቢው ተወልደው ሕግ የሚያጠኑ ተማሪዎች ለዚህ ሥራ የሚመጥን የቋንቋና የሙያ ዝግጅት በአንድ ላይ ይኖራቸዋል። የጂንካ ዩኒቨርሲቲ በአቅራቢያው መኖሩም ለጥናትና ለትርጉም ሥራ አመቺ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ሪፖርትን ይመለከታል። ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት የሁሉን አቀፍ ወቅታዊ ግምገማ እ.አ.አ በ2009፣ በ2014፣ በ2019 እና በ2024 ቀርባለች። ለየስምምነቱ አስፈጻሚ ኮሚቴዎችም በየጊዜው ሪፖርት ታቀርባለች። የእነዚህ ሪፖርቶች መረጃ የሚመነጨው ከወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ነው። የትኛው አንቀጽ ምን ዓይነት መረጃ እንደሚጠይቅ የሚያውቁ ተማሪዎች በተግባር ልምምድ ወቅት ቢመደቡ የመረጃው ጥራት ሊሻሻል ይችላል።

ይህ ሲሆን ግን ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦች አሉ። ተማሪ የጥብቅና ፈቃድ የሌለው በመሆኑ የሚሰጠው የሕግ ድጋፍ በመምህር ወይም በባለሙያ ክትትል ሥር መሆን አለበት። የሕፃናትና የተጎጂዎች ማንነት በጥናት ጽሑፍም ሆነ በፎቶግራፍ መገለጽ የለበትም። የፈጠራ ጭብጥ ሲዘጋጅም እውነተኛ ቤተሰብ የሚለይበት መረጃ መውጣት ይኖርበታል። ከሁሉም በላይ ማኅበረሰቡ የጥናት ዕቃ ሳይሆን የመፍትሔው ባለቤት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የካራ ሽማግሌዎች ውሳኔ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው።

በአጠቃላይ የዓለም አቀፍ ሕግ ተማሪዎች ማኅበራት ዋጋ በሚያገኙት ዋንጫ ብቻ የሚለካ አይደለም። የወረዳና የዞን ኃላፊዎች በሥራቸው የሚያጋጥሟቸውን አስቸጋሪ ጥያቄዎች፣ የባለጉዳዮችን ማንነት ሳይገልጹ፣ ለሕግ ትምህርት ቤቶች ቢያቀርቡ ተማሪዎቹ እውነተኛ ጭብጥ፣ መሥሪያ ቤቶቹም የተጠና የሕግ አስተያየት ያገኛሉ። በአንድ ወረዳ ውስጥ የሚወለድ ሕፃን መብቱ በሦስት ደረጃ፣ ማለትም በሕገ መንግሥት፣ በአህጉራዊ ቻርተርና በዓለም አቀፍ ስምምነት የተረጋገጠ ነው። ይህ ዋስትና ተግባራዊ የሚሆነው ግን በቀበሌው ያለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ መምህር፣ ፖሊስና የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ዋስትናውን ሲያውቁትና በጊዜው ሲሠሩበት ብቻ ነው።